ቀይ ፍየል የተሳለበት ጣሳ

በቀርጤስ ተራራ ላይ ባለች መንደር የሚኖረው ማኑሶስ በዕድሜው ዘይት ገዝቶ አያውቅም። አባቱም አልገዛም፤ አያቱም አልገዛም። ባለፈው ክረምት ጎረቤቱ ስትራቲስ ከሱቅ ዘይት ገዝቶ ሲመለስ አየውና ቡና ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ዘይት የሚገዛ ወንድ ሪዙን ይላጭ!»

«እሺ» አለ ስትራቲስ። «አንተ የገዛህ ቀን ምላጩን እኔ አመጣለሁ።»

ተጨባበጡ። የማኑሶስ ሪዝ ጫፉ ወደ ላይ የተጠቀለለ ነው። ከፍየሎቹ ቀጥሎ የሚወደው እሱን ነው።

ወይራውን ማኑሶስ ራሱ ያራግፋል። ጊዜ እስኪያገኝ ጆንያዎቹን ግቢ ውስጥ ይከምራል። ከዚያ ያስጨምቅና ዘይቱን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር በቆመ በርሜል ያስቀምጣል። ከበርሜሉ የምትቀዳው ግን ሚስቱ ጋሪፋሊያ ብቻ ናት።

«የወንድ እጅ ያንጠባጥባል» ትላለች።

እሷ ማሰሮውን ሞልታ ገበታ ላይ ታስቀምጣለች። እሱ ዳቦ ያጠቅሳል። ዘይቱ ጉሮሮውን ለብለብ ያደርገውና ያስለዋል። ጥሩ ዘይት ያስላል።

«የኔ ዘይት!» ይላል። ገበታ ላይ ሌላ ነገር አይናገርም።

ጋሪፋሊያ በየዓመቱ በፀደይ፣ ከዘይት የሠራችውን ሳሙና ጭና ወደ ረቲምኖ ከተማ ትወርዳለች። ሳሙናው ብዙ ነው። አቴንስ ለምትኖረው ልጃቸው ለኤርጊና የሚላከውንም የዘይት ጣሳ በዚያው ወስዳ መርከብ ላይ ታስጭናለች። ጣሳው ላይ ማኑሶስ በገዛ እጁ ቀይ ፍየል ስሎበታል። ፍየሉ ውሻ ይመስላል።

ዘንድሮ ኤርጊና ስላረገዘች እናቷ ልታርሳት አቴንስ ሄደች። ማኑሶስ ብቻውን ቀረ። ማሰሮው ሲያልቅበት ለመጀመሪያ ጊዜ የበርሜሉን ቧንቧ ከፈተ። ያኔ ስልኩ ጮኸ።

«አባባ፣ ወንድ ልጅ ወለድኩ! ጩኸቱ ቁርጥ አንተን ነው!»

ማኑሶስ ወደ ቡና ቤት ሮጠ። ራኪ የሚባለውን አረቄ ጠጣ፤ ያገኘውንም ሁሉ አስጠጣ። ሲመለስ በርሜሉ ባዶ ነበር። ወለሉ በዘይት ተጥለቅልቋል። ሁለት ፍየሎች ገብተው፣ መቆም አቅቷቸው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተኝተዋል። ቤቱ እንደ አሮጌ ካልሲ ይሸታል።

«እናንተ ናችሁ» አላቸው ፍየሎቹን።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን ጋሪፋሊያ ናት።

«እሁድ እመጣለሁ። የኤርጊናን ጣሳ እንዳትነካው፤ እኔው እሞላዋለሁ።»

ማኑሶስ አሰበ። የበርሜሉን ዘይት ሸጥኩት ማለት ይቻላል። ልጁን ግን ዘይት ነስቶ መሸጥ አይቻልም። ቅዳሜ ጠዋት ጣሳውን በጆንያ ጠቀለለ፣ ሪዙን በሻርፕ ሸፈነ፣ አውቶቡስ ተሳፈረ። ስትራቲስ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

«ምን ይዘሃል?»

«አይብ።»

«አራት ማዕዘን ነው እኮ።»

«አራት ማዕዘን አይብ ነው።»

«ሻርፑስ?»

«ጥርሴን።»

ረቲምኖ ሲደርሱ ስትራቲስ ከኋላው ወረደ።

የመጀመሪያው ሱቅ ዘይቱን አንገተ ቀጭን ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ፣ ሪባን አስሮበት ይሸጣል። ማኑሶስ ዋጋውን ሰማ።

«ሪባኑንም ልጥበሰው?» አለና ወጣ።

ሁለተኛው ሱቅ ርካሽ ነው። ፕላስቲኮቹ መስኮት ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ማኑሶስ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ።

«ፍየል ገብቶበታል» አለ።

«ምን? እንዴት ፍየል ይገባበታል? ርካሽ ነው እኮ፣ ጋሼ!»

«ውሃም ርካሽ ነው።»

ሦስተኛው ሱቅ ጠባብ መንገድ ውስጥ፣ ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ነው። ባለቤቷ ወፍራም ሴት ናት።

«ወይራው በአረንጓዴው ተለቅሞ በዕለቱ የተጨመቀ ነው» አለችው። ዋጋው የባለሪባኑን ግማሽ አይሆንም።

ማኑሶስ ሻርፑን ዝቅ አድርጎ ዳቦ አጠቀሰ። ጉሮሮውን ለበለበው። አሳለው፤ ደግሞ አሳለው፤ እንባው መጣ።

«የኔን ሊያክል ምንም አልቀረው» አለ። ከእሱ አፍ እንዲህ ያለ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

ጣሳውን ከጆንያው አውጥቶ ሰጣት። ሴትዮዋ ጣሳውን አየች፤ ሪዙን አየች፤ ፈገግ አለች። ሞላችው። ክዳኑን ልክ እንደ ጋሪፋሊያ በሰማያዊ ሲባጎ አሰረችው። ማኑሶስ ደስ አለው፤ ማንም አይጠረጥርም።

ከፍሎ ሲዞር ስትራቲስ በሩ ላይ ቆሟል።

«አይ አይብ!» አለ ስትራቲስ። እጁን ኪሱ ከተተና ምላጭ አወጣ። «ከክረምት ጀምሮ ተሸክሜው ስዞር ነው የከረምኩት። በል፣ ተቀመጥ።»

ማኑሶስ ሪዙን በሁለት እጁ ያዘ።

«ማን ገዛ? የራሴን ዘይት ነው ያመጣሁት! ቅመሽና ፍረጂ ልላት!»

«ሚስትህ ትሙት?»

«እሷን ጠይቃት!» ማኑሶስ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ በዓይኑ ተማጸናት። «እሜቴ፣ ይህ ዘይት የማን እንደሆነ ንገሪው!»

ሴትዮዋ አዘነችለት። ቀዩን ፍየል በጨርቅ ወልወል አደረገችና ወደ ስትራቲስ ዞረች።

«የእትዬ ጋሪፋሊያ ነዋ፤ እንደየዓመቱ አስቀምጬላት፣ የምትለውጥበትን ሳሙና ይዛ ሳትመጣ ስትቀርብኝ አሟት ይሆን ብዬ ስሰጋ ነበር።»