የኮሪደሩ ጠረጴዛ ልጆች

አርብ ጠዋት ሚስ ዶሪን መቀመጥ አቃታት። ኮት መስቀያው ስር ካለው ጠረጴዛዋ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ የተቀረጸውን እርሳስ ደግማ ትቀርጻለች። ጫፉ ቀጭ ሲል ደግሞ ትስቃለች! ስትጨነቅ መሳቅ አመሏ ነው።

እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ውስጥ ባለችው በዚያች ትንሽ ትምህርት ቤት፣ አስቸጋሪ ቃላትን መጻፍ ያቃታቸው የስድስት ዓመት ልጆች ከክፍል ወጥተው ኮሪደር ላይ ከዶሪን ጋር ይማራሉ። አርብ አርብ ይፈተናሉ። ያለፈ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፣ የወደቀ እሷው ጋ ይቆያል።

የእንግሊዝኛ አጻጻፍ መቼም ጉድ ነው፤ የተጻፈው አይነበብ፣ የተነበበው አይጻፍ! ቢላዋም ጉልበትም በቋንቋቸው ሲጻፉ ፊት ለፊት ኬ የሚባል ፊደል ይገተራል፤ ድምፁ ግን የለም። ዶሪን ለዚህ መላ አላት።

"ኬ ተኝቷል፤ እንዳትቀሰቅሱት!" ትላለች።

አራቱ ልጆች ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ በእግር ጣታቸው እየረገጡ ጠረጴዛውን ይዞራሉ።

"ኬ አለ?"

"አለ!"

"ይሰማል?"

"ያንኮራፋል!" ይላል አልቢ፣ እያንኮራፋ።

ሐሙስ ሁሉም ፊደሎቹን እንደ ውሃ ይጠጧቸዋል። አርብ ወረቀት ላይ ግን ኬ የለም። ከፋሲካ ወዲህ አንድም ልጅ አላለፈ።

ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ፔምበርተን የሻይ ኩባያውን ይዞ መጣ። እሱ ዶሪንን በቤተሰብ ስሟ ነው የሚጠራት።

"ሚሲስ አክሮይድ፣ ዛሬም ከወደቁ ይኼ ጠረጴዛ ይነሳል። ከሰኞ ጀምሮ ኮምፒዩተር ያስተምራቸዋል። እርስዎንም... በጣም እናመሰግናለን።"

"ልጆቹ እኮ ያውቁታል!"

"ያውቁታል፣ ይወድቃሉ። ጭፈራዎት ነው ያደናበራቸው።"

ዶሪን ሳቀች።

"ደግሞ ለልጆቹ እንዳይነግሯቸው" አለ። "ይረበሻሉ።"

"ምን ቆርጦኝ!"

ሄደ። ዶሪንም ጭፈራዋን ጠረጠረች። ምናልባት ልጆቹ መዞሩን እንጂ ፊደሉን አልያዙት ይሆናል። ምናልባት አርጅታለች።

ልጆቹ እየተገፋፉ መጡ። ዛሬ አላስጨፈረቻቸውም።

"ሚስ፣ ኬን አናስተኛውም?" አለች ሜይዚ፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁባት።

"ዛሬ አይቻልም፣ የኔ ሆድ። ጻፉ።"

ቃላቱን አንድ በአንድ ጠራች። በየቃሉ መሃል መስኮቱ ጋ ደርሳ ትመለሳለች። ውጭ ዝናቡ መጫወቻ ሜዳውን ይደበድበዋል። ዞር ስትል ሜይዚ የአልቢ ወረቀት ላይ አጎንብሳለች። አንድ ነገር ሹክ አለችው። አልቢ ፊቱን አጨማደደና ላጲስ አነሳ።

ይኮራረጃሉ! ከሚያውቅ ቢኮርጁ ምን አለ፤ የወደቀ ከወደቀ! ዶሪን መቆጣት ነበረባት፤ አንጀቷ እምቢ አላት። ምናልባት ዛሬ ሜይዚ አውቃው ይሆናል ብላ ፊቷን ወደ ዝናቡ መለሰች።

ሚስተር ፔምበርተን ወረቀቶቹን እዚያው ቆሞ አረመ። ቀይ እስክሪብቶው አላረፈም።

"አንድም አላለፈ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእሷ ብቻ። "አዝናለሁ።"

ዶሪን ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ አልመጣም። ሹራቧን ከወንበሩ አነሳች። እጅጌው ጠፍቶባት ስትታገል ሜይዚ ወንበር ላይ ወጥታ አንገቷን አቀፈቻትና ጆሮዋ ላይ ተለጠፈች።

"አትዘኚ ሚስ፤ አልቢ ለትንሽ ሊያልፍብሽ ነበር፣ እኔ ነኝ ያዳንኩልሽ። ሰኞም ሁላችንም አንቺው ጋ ነን!"