የልብስ ሰፊው ብስክሌት

«ከዋሸሁ ዳግመኛ መቀስ አያስይዘኝ» ብሎ ማለ ልብስ ሰፊው፣ ዓይኑን ከሱቁ በር ሳይነቅል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣለት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ዳገቱን እንደ ሜዳ ይጋልበዋል። ከፊትም ከኋላም ስፕሪንግ ስላለው፣ ያን ሁሉ ኮረኮንች ሲያልፍ መሪው ላይ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ቢያስቀምጡበት ጠብ አይልም። «ፋብሪካው ራሱ እንዳንተ ያለ ጋላቢ አላየንም ብሎኛል።»

ነርሷ ሚስቱ ጥግ ላይ ወገቧን ደግፋ ተቀምጣ ታዳምጠው ነበር። በአሮጌ ብስክሌቷ በዚያው ኮረኮንች ስትመላለስ ወገቧ አልችል ብሏት፣ የጻፈችው የሥራ መልቀቂያ አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

«እስቲ ቀድሞ የመጣልህን ሄልሜት አድርገውና እንይህ» አለ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ። ሄልሜቱ የልብስ ሰፊው አናት ላይ እንደ ጀበና ክዳን ጉብ አለ። «ምነው ወንድሜ፣ ታጥቦ ገባብህ እንዴ?»

ልብስ ሰፊው ሄልሜቱን በሁለት እጁ ወደ ታች ቢጫነው አልገባ አለው። ሚስቱ ቀስ ብላ ተነሥታ ሄልሜቱን ከራሱ ላይ አነሳችና እሷ አደረገችው። ልክክ አለ።

«ቅዳሜ ዕለት ተኝታለች ብሎ ጭንቅላቴን በሜትር ሲለካኝ ነቅቼ ነበር» አለች። «እንዳያፍር ብዬ ዓይኔን አልገለጥኩም።» ማሰሪያውን አገጯ ሥር ቆለፈችና ባሏን አየችው። «እሱማ ብስክሌት መንዳት አይችልም።»