አንድ ፌስታል የድስት ሽቦ

«ዞር በል!» የሚል ኮልታፋ አማርኛ ከላይ መጣ። ጀንበሬ የተሸከመውን ጎማ ጥሎ ዘለለ። አንድ ሳጥን ከአራተኛ ፎቅ ጣራ ወርዶ የአሸዋው ክምር ላይ ድፍት አለ።

ቀና ሲል አንድ ሽበታም ፈረንጅ ከጣራው ጫፍ አንገቱን አስግጎ እጁን ያውለበልባል።

«ይሄ ሰው ሊገድል ነው እንዴ!»

«ልመደው» አለ ዘበኛው አብዱላሂ። ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ ነው፤ አማርኛው ከጀንበሬ አያንስም። «የፕሮፌሰር ቤት እኮ ነው። ውሃ ክብደት ሲያጣ ምን እንደሚሆን ነው የሚጠናው። ለጠፈር መንኮራኩር ነዳጅ ይጠቅማል አሉ።»

ጊዜው አዲሱ ባቡር ገና ያልጀመረበት ነው፤ ጅቡቲ በከባድ መኪና ተጨናንቃለች። ጀንበሬ የቦቴ ረዳት ነው። ሾፌሩ እሸቴ ከከተማ ዳር ፒኬ 12 የመኪና ማቆሚያ ላይ ቆሞ ጭነት ሲጠብቅ፣ እሱ ያረጁ ጎማዎችን ለፈለጋቸው ሰው እያዞረ ያደርሳል። ሆዳን ሰፈር ያለው ይሄ ቤት ለሳጥኑ መውደቂያ አሥር ጎማ አዟል። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ቢተወውም ጀንበሬ ሰው ማንበብ ይችላል፤ አንዴ አይቶ ማን ምን እንደሆነ ይነግርሃል።

ስለዚህ ሽርጥ ያገለደመች፣ የላስቲክ ጓንት ያጠለቀች፣ በእጇ የድስት ማጠቢያ ሽቦ የያዘች ሐበሻ ሴት ከኩሽናው በር ብቅ ስትል፣ ታሪኳን ሳትነግረው አወቀው።

«እህቴ፣ ጎማውን የት ላድርገው?»

«ውይ፣ ሐበሻ ነህ? አሸዋው ላይ ደርድርልኝ።» ወለላ እባላለሁ አለችው።

«ፈረንጁ ያስቸግርሻል?»

«ዤራር? ካልተቆጡት መች ይሰማል!»

ጀንበሬ በሆዱ ሳቀ። እንዲህ የሚያወሩ ብዙ ያውቃል፤ ውስጥ ሲገቡ ነው ድምፃቸው የሚጠፋው።

«ቤተሰብ ካየሽ ስንት ጊዜሽ?»

«አራት ዓመት። ሥራው መች ያስወጣል ብለህ ነው።»

«ፓስፖርትሽስ?»

«መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል» አለች፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ በጣቷ እያሽከረከረች።

በቃ። ሌላ ማስረጃ አልፈለገም።

በአንድ ቀን የሚያልቀውን ጎማ በአራት ቀን አደረሰው። በመጨረሻው ቀን ቡላኦስ ገበያ ገብቶ ፌስታል ሙሉ የድስት ሽቦ ይዞላት መጣ። ይህን ሁሉ ዕቃ ብቻዋን ስታጥብ ጣቷ ማለቁ ነው።

«ይሄ ሁሉ ለኔ?» ዓይኗ በራ። ሰው በድስት ሽቦ እንዲህ ሲደሰት አይቶ አያውቅም፤ አንጀቱን በላችው።

«እኛም እንጠቀምበታለን፤ ለድስት ግን አይደለም» አላት። «የመኪናው ነዳጅ ሊያልቅ ሲል፣ ዳገት ላይ ጋኑ ውስጥ የቀረችው ወደ ኋላ ትሸሻለች። ቱቦው አየር ይስባል፣ ሞተሩ ቀጥ። እኔ ቱቦው አፍ ላይ ሽቦ ጠቅልዬ አስሬበታለሁ። ሽቦው ጠጥቶ ይይዝልኛል። እሸቴ እስከ ዛሬ በጸሎቱ የወጣ ነው የሚመስለው።»

ወለላ ጓንቷን አወለቀች። «ምን ያህል ሽቦ? ጥብቅ ነው ወይስ ላላ ያለ?»

«ላላ ያለ። ምነው፣ ልትነጂ ነው?»

«ሳጥኑ ውስጥም እኮ ያው ነው። እስኪወድቅ ድረስ፣ አንድ ሰከንድ ተኩል አካባቢ፣ ውሃው ክብደት የለውም። ቱቦውን ትቶ በየጥጋጥጉ ይለጠፋል።»

«ከሰውየው ጋር ከርመሽ አንቺም ተምረሻል በይኛ!»

«እንግዲህ» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ዳገቱን መቼ ነው የምትወጡት?»

ጀንበሬ ዘበኛውን በጎን ዓይኑ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐሙስ። ትመጫለሽ?»

«ትወስዱኛላችሁ?»

አልለመነችውም፣ አላለቀሰችም። እሱን የገደለው ይሄ ነው።

እሸቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ባለፈው ዓመት አንድ ረዳት ከሰው ቤት የጠፋች ሠራተኛ ጋቢና ውስጥ ደብቆ ድንበር ላይ ተይዟል። «እንዲህ ያለ ነገር ካየሁብህ» ብሎታል እሸቴ፣ «ጋላፊ ኬላ ላይ ሁለታችሁንም አራግፌ ነው የምሄደው። ዳግም መኪናዬን አትረግጣትም።» ጀንበሬ ደግሞ ከዚያች መኪና ሌላ ምንም የለውም። ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን ጋቢናው ውስጥ ከመቀመጫው ጀርባ ቦታ አስለቀቀ።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ የዕለቱ ጫት ወደ ከተማው ገባ። በዚያ ሰዓት ጅቡቲ ውስጥ በሩ ላይ የሚገኝ ዘበኛ የለም፤ ጀንበሬም ሰዓቱን የመረጠው ለዚሁ ነው። ወለላ ሻንጣዋን አጠገቧ አድርጋ ቆማለች።

«ምን ጠቅጥቀሽበት ነው እንዲህ የከበደው? የሰውየውን ድስት ሁሉ?»

«ቀስ በል፣ ብርጭቆ አለው!»

«ፈረንጁስ?»

«ጣራ ላይ ነው። እንደምሄድ ነግሬዋለሁ።»

«ነገርሽው?!» ሻንጣውን ትከሻው ላይ አወጣና እጇን ይዞ ወደ በሩ ተጣደፈ።

ግቢውን ሳያጋምሱ ፈረንጁ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። እጁ ላይ ጥቁር ነገር ይዟል፤ በፈረንሳይኛ ይጮኻል። ጀንበሬ ሻንጣውን አስቀመጠ። መኪናውም፣ እሸቴም፣ ጋላፊም ከሐሳቡ ወጡ። ወለላን ከጀርባው ከለላትና የሰውየውን ሸሚዝ አንገቱ ላይ ጨመደደው።

«አንዲት እርምጃ ወደሷ ብትጠጋ!»

«ጀንበሬ! ምን ሆነሃል?» አለች ወለላ ከኋላው።

በሩ ተከፈተ። አብዱላሂ ጫቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ገባ፣ ሦስቱንም ተራ በተራ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ኧረ ልቀቀው አንተ! ፕሮፌሰሯ ያንተን ሽቦ የምትቀርጽበትን ካሜራ ረስታ፣ ሊያቀብላት ነው የሮጠው። እሱም እንዳንተው ረዳት ነው።»