የተቀሰረው አውራ ጣት

አፍና አፍንጫዋ በትንፋሽ መለኪያ ጭምብል ስለተሸፈነ መናገር የማትችለው ሯጭ፣ መሮጫ ማሽኑ ላይ እንዳለች አውራ ጣቷን ቀሰረች። “ጨምሩ” ማለቷ ነበር። የአምናውን ፍጥነት ዛሬ ካልደገመች ከቡድኑ ትወጣለች።

“አንቺ ኤሊ! የተዋስሽው እግር ነው እንዴ፣ እንዲህ የምትሳሺለት?” አላት አሠልጣኟ እንደ ልማዱ።

እግሯስ እሺ ባላት ነበር፤ እምቢ ያላት ትንፋሿ ነው። አየሩን በአፏ ሙሉ ብትስበውም ደረቷ ሳይደርስ የሚያልቅባት መሰላት። ምርመራውን የሚከታተለው ሐኪም ከመለኪያው ስክሪን ቀና ብሎ፣ “ከዚህ በላይ ኦክስጅን መሳብ አልቻለችም። የአምናው ፍጥነት ደግሞ ገና ሩቅ ነው” አለ።

አሠልጣኙ ማሽኑን አጠፋው። ጣቷ ግን እንደተቀሰረ ነበር። ቀረብ ብሎ በመዳፉ ሸፈነውና ቀስ አድርጎ አጠፈላት።

“በቃ፣ የኔ ልጅ።”

ምናለ ኤሊ ብሎ በጠራኝ፣ አለች በልቧ።