ከግራ በኩል የመጣው ቢጫ

ኦፍሪ እስራኤል ውስጥ ራማት የዲዲም በሚባል ሰፈር ባለው ቤቷ የወንድሟን የሰርግ ፎቶዎች በኮምፒውተር ታስተካክል ነበር። የአውላሙ፣ የሰርግ አዳራሹ፣ አምፖሎች እንግዳውን ሁሉ ቢጫ አድርገውታል። ነጩን የጠረጴዛ ልብስ መነሻ አድርጋ ቀለሙን ስታርመው ግድግዳው ነጣ፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ነጣ፣ የሰዉም ፊት ወደ መልኩ ተመለሰ። የእናቷ የማናለሽ ፊት ብቻ ቢጫ እንደሆነ ቀረ።

በሁሉም ፎቶዎች እንዲሁ ነው። ብርሃኑ ከግራዋ፣ ከቅርብ የሚመጣ ይመስላል። በዚያ በኩል ግን መብራት አልነበረም።

በማግስቱ ቀትር ላይ እናቷን ጠርታ፣ የቤቱን መብራት ሁሉ አጥፍታ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ፎቶ አነሳቻት። ፊቷ ከሰርጉ ፎቶ የባሰ ቢጫ ሆኖ ወጣ።

«ኢማ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለች ካሜራውን እያሳየቻት።

ማናለሽ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«የኩራዝ ብርሃን ነው» አለች በቀስታ። «ሱዳን መጠለያ ሳለን ታላቅ እህቴ ታመመች። እኛን የሚወስደው መኪና ሲመጣ ‹እመለስልሻለሁ› አልኳት። ኩራዟን አብርታ ‹እስክትመጪ አላጠፋውም› አለችኝ።»

«ተመለስሽ?»

«ከዚያው ወደ እስራኤል ወሰዱን» አለች ማናለሽ። ዓይኗ መስኮቱ ጎን ያለው ግድግዳ ላይ ቀርቷል። ኦፍሪም ወደዚያው ተመለከተች።

የሁለቱም ጥላ ወደ ፀሐይዋ አቅጣጫ ወድቆ ግድግዳው ላይ ይርገበገባል። ከኋላቸው መብራት የያዘ ሰው ቀስ እያለ እንደሚጠጋ ሁሉ፣ ጥላቸው እያደገ ሄደ።