በፈረንጅ አቆጣጠር

ሐሊማ ደብተሩን ወደ ፀሐዩ አዙራ ያንኑ መስመር ለሦስተኛ ጊዜ ታነባለች። «14/3/2015። 61,000 ኪ.ሜ። ዜትና ፍልትሮ ተቀየረ። የፊት ፍሬን ሸራ ተቀየረ። ሙስጠፋ።» ከስሙ ሥር ፊርማ አለ።

ባሏ ሙሂዲን ኮፈኑን ከፍቶ ግማሽ አካሉን ሞተሩ ላይ ዘርግቷል። ሻጩ ኦቦ ሆርዶፋ የፒክአፑን በር ተደግፈው ይጠብቃሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ መኪናውን ትናንት ከካቺሲ አምቦ ድረስ ራሳቸው ነድተው አምጥተውታል። ደብተሩን ሲሰጧት፣ ሌላው መኪና ሻጭ የሚሰጥሽ አፉን ነው፣ እኔ ግን ጽሑፍ እሰጥሻለሁ ብለዋታል።

እሷም የመጣችው ለጽሑፉ ነው። ሙሂዲን በየገበያው ቀን ጨውና ሳሙና ጭኖ ወደ ካቺሲ ሊመላለስበት ነው። ያን ቁልቁለት ሁለቱም ያውቁታል፤ ፍሬኑ የማይታመን መኪና እዚያ ከወረደ አይወጣም። ሞተሩን አንተ እይ፣ ታሪኩን እኔ አነባለሁ ተባብለው ነው ከቤት የወጡት።

ሦስተኛው ወር ኅዳር ነው። ኅዳር 2015፤ ያለፈው ዓመት ኅዳር። ወንድሟ ሙስጠፋ የሞተው ደግሞ በጥር 2010 ነው።

መጀመሪያ የመጣላት ማጭበርበር ነው። አምቦ ውስጥ ሙስጠፋ የነካው መኪና ከተባለ ገዢ ብዙ አይጠይቅም ነበር። ሰውየው ከሞተ በኋላም በስሙ ቢሸጡ አይገርማትም።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?» ትላለች።

«ሙስጠፋ ነዋ። ከመናኸሪያው ጀርባ የሚሠራው፣ የስልጤው ልጅ። እኔን ካላመንሽ ሄደሽ ራሱን ጠይቂው።»

ፊታቸውን ታያለች። ዓይናቸው አልሸሸም። ደብተሩን መልሳ ታያለች።

ዜት ይላል። ሙስጠፋ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ ፊደል ያስቆጠረችውም እሷ ናት። ዘይት ብለህ ጻፍ ብላ ስንት ቀን ተጣልታዋለች። ሰው የሚጠራው ዜት ብሎ ነው፣ መኪናውም የሚጠጣው ዜት ነው እያለ ይስቅባት ነበር። ፊርማ የሚያስመስል ሰው አለ እንበል። ስሕተትን ማን ያስመስላል? እጁ የሙስጠፋ ነው፤ በዚህ አትጠራጠርም። ቀኑ ነው የማን እንደሆነ የጠፋባት።

በመኪናው ጥላ ላይ ቆማ ያልባታል፤ ሐሳቧ ወዴት እንደሚሄድባት አታውቅም። እንግዲያው ያለፈው ኅዳር እዚሁ አምቦ ነበር። በዚሁ መኪና ሥር ተኝቶ ፍሬን እየቀየረ። ከሱቋ እስከ መናኸሪያው በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ብቅ ብሎ አላያትም። ቅር ይላታል። የከፈኑትን ሰዎች አንድ በአንድ ታስታውሳለች፣ አፈሩንም ታስታውሳለች፣ ቅሬታው ግን አይለቃትም።

ገጹን ትገልጣለች። የሚቀጥለው በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ነው። ዓመቱ 2010 ይላል።

«ኦቦ ሆርዶፋ፣» ትላለች፣ «መኪናዎ የሚነዳው ወደ ኋላ ነው እንዴ? በ2015 ስድሳ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር፣ በ2010 ዘጠና ስምንት ሺህ?»

ሙሂዲን ከኮፈኑ ሥር ቀና ይላል። ኦቦ ሆርዶፋ ደብተሩን ተቀብለው መነጽራቸውን ያደርጋሉ፤ ገጹን አይተው ይስቃሉ።

«ይሄማ በፈረንጅ ነው፣ ልጄ። መኪናው የፈረንጆች ፕሮጀክት ነበረ፤ እነሱ በእኛ ቀን የተጻፈ አይቀበሉም። በጨረታ ከገዛሁት ወዲህ ያለው የእኔ ጽሑፍ ነው፣ በእኛው አቆጣጠር።» ፍሬኑም በ2014 እንደገና መቀየሩን ይነግሯታል፤ ደረሰኙ ከመጨረሻው ገጽ ጋር ተያይዟል።

ሐሊማ በጣቷ ስምንት ትቀንሳለች። መጋቢት 2007። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። ሙስጠፋ ያኔ ጤነኛ ነው፤ ገና አልከሳም። ደብተሩ እውነተኛ ነው፣ መኪናውም የሚገዛ ነው። ያለፈው ኅዳር ግን እንደገና ማንም የሌለበት ኅዳር ይሆናል። አሁን፣ ጥላው ላይ ቆማ፣ ወደ አምስት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ጨምራለት ነበር። መልሳ መውሰዷን ሰውነቷ አልተቀበለውም።

«እህቱ እኮ ናት፣» ይላል ሙሂዲን፣ ጥያቄዋ ሽማግሌውን ያሳፈራቸው መስሎት።

የኦቦ ሆርዶፋ ፊት ይበራል። እጇን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። «የሙስጠፋ እህት! ፊደል ያስቆጠረችኝ እህቴ ናት ይል ነበር፤ ለካ ለዚህ ነው እንደ ተማሪ የምታርሚኝ።» መኪናውን በገዙ በወሩ ጌዶ መንገድ ላይ ቢቆምባቸው በሞተር ሳይክል ደርሶላቸው ነበር። ሠርቶ ሲጨርስ የእጁን ዋጋ አልቀበልም ብሎ ምሳቸውን ከነሰሐኑ በልቶባቸው ሄደ። ይህን እያወሩ ይስቃሉ። ከዚያ ወዲህ መንገዱም ስልኩም ሲዘጋና ሲከፈት ስድስት ዓመት አምቦን አላዩም።

«ለመሆኑ ደህና ነው?»

ሙሂዲን ያያታል። መልሱ አላህ ይርሀመው ነው። አፏ ውስጥ አለ፤ ምላሷ ላይ ይሰማታል።

«አልሐምዱሊላህ፣» ትላለች።

ለዳነም ለታመመም የሚባል ቃል ነው። በቀብሩ ቀንም ብላዋለች። ኦቦ ሆርዶፋ ግን የሚሰሙት ደህና ነው ብላ ነው።

«ሰላም በይልኝ እንግዲህ። መኪናው እናንተ ቤት መግባቱን ሲሰማ ደስ ይለዋል።»

«እሺ።»

ኮፈን የሚዘጋው ከላይ ተለቅቆ፣ ጓ ብሎ ነው። ሙሂዲን ግን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል፤ እስኪይዝለትም መዳፉን አያነሳም።