የይድነቃቸው ጆሮ

ይድነቃቸው ሄድፎን ለመምረጥ የፈጀውን ጊዜ ሚስት ለመምረጥ አልፈጀም። ይህን የምትለው ሚስቱ ሰርካለም ራሷ ናት።

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው አፓርትማቸው ጠባብ ናት፤ ሳሎንና ማድቤቱን የምትለያቸው አንዲት ባንኮኒ ብቻ ነች። ይድነቃቸው ቀን ታክሲ ሲነዳ ውሎ ማታ ሶፋው ላይ ይጋደምና ስለ ሄድፎን የተጻፈ ያነባል። ተራው ሄድፎን ዝርዝር አያሰማም። ፕላናር ማግኔቲክ የሚሉት ግን ከወረቀት የሳሳ ሽፋን በማግኔቶች መሀል የተወጠረበት ስለሆነ፣ ጣት የክራር ጅማት ላይ ሲንሸራተት ሳይቀር ያሰማል አሉ።

«ዘፋኙ ምራቁን ሲውጥ ትሰሚያለሽ!» ይላታል።

«ምራቁን ሰምቼ ምን ላደርገው?»

«አንቺ እኮ ጆሮ የለሽም፣ ሰርኪ።»

ጆሮ የላትም፤ ትምህርትም የላትም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ነው የመጣችው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቷ ብሩክታይት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ የነርስ ረዳትነት ክላስ አግኝታላት ነበር። ባሏን ብታማክረው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ሶሊ ትደግ፣ ያኔ ትማሪያለሽ» አላት። ልጃቸው ሶሊ ገና የመጀመሪያ ጥርሷን እያወጣች ነበር።

የሄድፎኑ ምርጫ የተካሄደው ለሠርግ የድምፅ ዕቃ በሚያከራየው በጸጋዬ ቤት ነው። ይድነቃቸው ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን እንደ በግ ገዢ እያገላበጠ አያቸው። አንዱን «አፈነኝ» አለው፣ ሌላውን «አንገቴን ሊሰብረው ነው» አለው። በመጨረሻ ጀርባው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ፕላናር አጠለቀና ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ የቆረበ ሰው ሰላም ወረደ።

«አንተ፣ ቤትህ ሕፃን አለ። ይሄ ድምፅ ያሳልፋል፤ ጀርባው ዝግ የሆነውን ውሰድ» አለው ጸጋዬ።

«ዝጉ ሙዚቃውን ያንቀዋል። ይሄ ይተነፍሳል።»

አብራው የመጣችው ሰርካለም ወንፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠች።

ከዚያ ወዲህ ይድነቃቸው ራት በልቶ ሄድፎኑን ካጠለቀ ሰው አይደለም። ከወንፊቱ የትንኝ ድምፅ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ እግሩን ይነቀንቃል። ሰርካለምም ነጻነቷን አገኘች። ለክላሱ በምስጢር ተመዘገበች። እጇ በሳሙና ስለሚርስ ስልኩን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጥና ስፒከሩን ከፍታ ለብሩክታይት ኮል ታደርጋለች።

«አለ?» አለች ብሩክታይት።

«ይኸው አለ፤ ሁለት የድስት ክዳን ጆሮው ላይ ደፍቶ።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው!»

ሁለቱም እስኪያንቃቸው ሳቁ። ሰርካለም ሆዷ ውስጥ የተጠራቀመውን ሁሉ ዘረገፈችው። ቦርጩ እንዴት ከእሱ ቀድሞ በር እንደሚገባ አወራች። ያቺን ቡኒ ሹራቡን ማየት እንደሰለቻትም። ቀጥላም፣ «ክላሱ ሊጀመር ነው፣ ሶሊን ማን ይያዝልኝ? ከቀረሁ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል» አለች። የቸገራት ሴት የምታደርገውን አደረገች፤ ለገብርኤል ጥላ ተሳለች።

በማግስቱ ይድነቃቸው ቁርሱን እየበላ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ኤርፖርቱ ቀዝቅዟል። እኔ ሶሊን ይዤ እውላለሁ፤ አንቺ እህትሽ ጋ ሄደሽ ተንፈስ በይ» አለ።

ሰርካለም አማተበች። ገብርኤል ፈጣን ነው ሲባል ሰምታለች፤ እንዲህ ይፈጥናል ብላ ግን አልጠበቀችም።

በባቡርና በአውቶቡስ መንከራተቱ እግሯን እንደቆረጠው ለብሩክታይት ባማረረች ሳምንት ደግሞ፣ ከቆመች ዓመት ያለፋት ኮሮላ ተጠግና መጣች። «ቆማ ከምትዝግ ንጂያት» አላት። ሰርካለም ስለቷ ላይ ሻማ ጨመረች።

ቡኒዋ ሹራብ ላውንድሪ ቤት ጠፋች። ይድነቃቸው የራት ጭማሪ ማንሳት ተወ።

«ሙዚቃው ጨጓራውን ሳይዘጋው አይቀርም» አለች ለብሩክታይት።

«ዘፋኙ የዋጠው ምራቅ አጥግቦት ነዋ!»

ውሎ አድሮ ትንኟም ዝም አለች። ሰርካለም ጆሮዋ የለመደው መሰላት።

አንድ ቀን ብቻ ድምፅዋ ተሰበረ። «ታውቂያለሽ፣ ልማር ስለው ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ቤቱ ውስጥ ካለው ዕቃ አንዷ ነኝ። ያን ቀን ከልቤ ወጣ» አለች።

ሶፋው ላይ ይድነቃቸው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አሳዛኝ ዘፈን ላይ ደርሶ ይሆናል።

የፈተናው ቅዳሜ መጣ። ሰርካለም ዩኒፎርሟን ቦርሳዋ ሥር ደብቃ፣ «ለማኅበር ነው» ብላ ወጣች። «በርቺ» አላት ባሏ፤ ማኅበር ለሚሄድ ሰው የማይባል ነገር እንደተናገረ ልብ ያለው የለም።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ይድነቃቸው ሶሊን በጋሪ ይዟት ወጥቷል። ሰርካለም ስልኩን እንደ ልማዷ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ደወለች።

«አለፍኩ!»

«እልልል! ታዲያ መቼ ልትነግሪው ነው?»

«ሥራ ስጀምር። እስከዚያ ምኑንም አያውቅም። ገብርኤል ጋርዶልኛል።»

ሄድፎኑ ሶፋው ላይ ተጥሏል። አንድ ቀን እንኳን አድርጋው አታውቅም። ዛሬ ግን ደስታዋ ቀልድ ቀልድ አላት።

«ቆይ፣ ይሄን ዝርዝር የሚሉትን እኔም ልስማው» ብላ እሱ በሚጋደምበት ቦታ ተጋደመች፤ እንደ እሱ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሁለት ጆሮዋን ጥርቅም አድርጋ ሸፈነችና ሙዚቃው የሚከፈትበትን መፈለግ ጀመረች።

«ሰርኪ? የት ገባሽ?» አለች ብሩክታይት ከባንኮኒው ላይ፤ በወንፊቱ እያለፈ፣ አንድ ቃል ሳይጎድል፣ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማ ነበር።